የጉጉቷ ድርሻ

እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሱት ባሏና የባንክ ቤት ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ምርቃት ናት። እህል ነጋዴ ናት፤ ሚዛኑ ልክ ሲመጣ ገዢው እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፣ እሷ ግን እጇን መልሳ ወደ ጆንያው ትሰዳለች። አንድ እፍኝ ትዘግንና «ይቺ ደግሞ ምርቃቷ» ብላ ከላይ ታፈስለታለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ምርቃት የሸጠችው እህል የለም። ባሏ አናጢው፣ «ይቺ ሴትዮ የሞተች ቀን ለመቃብር ቆፋሪው አንድ አካፋ አፈር ሳትመርቅለት አትገባም» እያለ ይቀልድባታል። ጉድ የሠራትም ይኸው የእጇ ስፋት ነው።

ሱቋ ረጅምና ጠባብ ናት። ከፊት ባንኮኒና ሚዛን፣ ከኋላ እስከ ጣራ የተደረደረ ጆንያ፣ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ጓሮ። እህል ባለበት አይጥ እንደማይጠፋ ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም። ስለዚህ ከምስሩና ከአጃው ጎን የአይጥ መርዝም ትሸጥ ነበር፤ ሮዝ ቀለም የተነከረ ስንዴ ነው፣ በትንንሽ እሽግ የሚመጣ። ራሷም ትጠቀምበታለች፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ባለሱቆችም ከእሷ ይገዛሉ። እሽጉ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቦ የሚያውቅ አልነበረም። እሷም ብትሆን አላነበበችውም።

ከሦስት ዓመት በፊት የጣራው ቆርቆሮ በተገነጠለበት በኩል ነጭ ፊት ያላቸው ጥንድ ጉጉቶች ገብተው በእህሉ አናት ላይ ጎጇቸውን ሠሩ። የባሏ እህት ጉጉት የገባበት ቤት አይበጅም ብላ እንዲያባርሯቸው መክራ ነበር። እትዬ ምርቃት መልሷ አጭር ነው። እኔ ቤት የገባ ሁሉ ይበጀዋል አለችና ነገሩ በዚያው ቀረ።

መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም። ሁለት ሦስት ቀን እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች፤ ሰው ሲመጣ እንኳ አትሮጥም። እትዬ ምርቃት ደግሞ በእጇ ነፍስ ማጥፋት አይሆንላትም፤ መርዝ ማስቀመጥ ሌላ፣ በጫማ መርገጥ ሌላ። እናም አመሻሽ ላይ ሱቋን ስትዘጋ የተንገዳገደችውን አይጥ በመጥረጊያ እየገፋች ወደ ጓሮ ታወጣታለች። ቀና ትልና «በሉ፣ ድርሻችሁን ውሰዱ» ትላለች። አባወራው ጉጉት ኮሽ ሳያደርግ ይወርዳል፣ ነጥቆ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ለሰው እህል፣ ለወፍ አይጥ፤ ከዚህ ሱቅ ባዶ እጁን የሚወጣ የለም። ምን ይዋሻል፣ የቀኗ ትልቁ ደስታ ይኸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ስትከፍት አባወራውን ጆንያ ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ክንፉ እንደ ተከፈተ ነው፣ አፉ ጫፍ ላይ ትንሽ ደም አለ። በጨርቅ ጠቅልላ ከባንኮኒው ሥር አኖረችውና ደንበኞቿን ማስተናገድ ጀመረች፤ እጇ ግን ሁለት ጊዜ ምርቃቱን ረሳ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አጃ የምትገዛ አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም አለች። እሷ ስትመጣ እትዬ ምርቃት ጨርቁን ገልጣ አሳየቻት፤ ምን በሽታ ይሆን ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ ወፉን አገላበጠች፣ ምንቃሩን ከፍታ አየች፣ ከዚያ ምን ሲበላ እንደ ከረመ ጠየቀች።

«አይ፣ በምግቡስ አትጠርጥሪ» አለች እትዬ ምርቃት፣ ኮራ ብላ። «እኔው ነኝ የምመግበው።»

ብላም ሁሉን ነገረቻት፤ መጥረጊያውን፣ የሚንገዳገዱትን አይጦች፣ ድርሻችሁን ውሰዱ ማለቷን። ሐኪሟ መርዙን እንድታሳያት ለመነቻት። እሽጉን ተቀብላ ደቃቁን ጽሑፍ ቀስ ብላ አነበበችላት። መርዙ በአይጧ ሆድ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፣ አይጧን የበላም እሱኑ ይበላል፣ ደሙ መርጋት እያቃተው ከውስጥ ይፈሳል ይላል። እትዬ ምርቃት ባንኮኒውን ያዘች። ወፉ የመጨረሻዋን አይጥ ከማን እጅ እንደ ተቀበለ አሰበች።

«እርስዎ አላወቁም ነበር» አለቻት ሐኪሟ። «አሁን አወቁ። እናቲቱ ገና አለች፤ ልጆቹም አሉ። እነሱን ማትረፍ ይቻል ይሆናል።»

እትዬ ምርቃት ስለዚያች ልጅ ባወራች ቁጥር የምታመሰግናት ስለዚህ ነው። ልትሰድባት ትችል ነበር፤ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ወጥታ ልትሄድም ትችል ነበር። እሷ ግን መሰላል ጠይቃ ወጣች። ጫጩቶቹ አራት ናቸው፤ አንዱ ደክሟል። ስትወርድ አስረዳቻት፤ ከዚህ ወዲያ ብቻዋን አይጥ እያደነች የምትመግባቸው እናቲቱ ናት፤ እሷ በምታድንበት አካባቢ ሁሉ ደግሞ መርዝ የበላች አይጥ መገኘት የለባትም። ጫጩቶቹ በርረው እስኪወጡ አምስት ሳምንት ግድም ይቀራቸዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

የራሷን ሱቅ ማጽዳት ቀላሉ ሥራ ነበር። ዙሪያውን የተበተነውን መርዝ የበተነችው ግን እሷ ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን ዱላውን ለመንደሩ ያከፋፈለች ራሷ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘግታ ወጣች። ማን መቼ ስንት እሽግ እንደ ወሰደ በቃሏ ታውቃለች፤ አሥራ አንድ በር ነው። በየበሩ እየቆመች ያንን የሸጥኩላችሁን መርዝ መልሱልኝ፣ በምትኩ ወጥመድና አንድ ኪሎ ምስር እሰጣችኋለሁ ትላለች። ልብስ አጣቢዋ እየሳቀች መለሰችላት። ጫማ ሠሪው፣ የሸጠውን ለመግዛት የሚዞር ነጋዴ ሳይ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ ብሎ አሾፈባት፤ ግን መለሰ። ዳቦ ጋጋሪው ግንባሩን ጠርጎ ድሮ ጥዬዋለሁ አላት።

አናጢው ባሏ ደግሞ ወገቡን ካመመው ወዲህ መጋዝ ካነሳ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያን ሰሞን ግን በጉልበቱ እየተንፏቀቀ የሱቁን ግድግዳ ዞረ። ትንሿ ጣቱ የምትገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በሽቦና በሲሚንቶ ደፈነ፤ አይጥ ጭንቅላቷ ካለፈ ገላዋ አይቀርም አለ። ለበሩ ሥር የቆርቆሮ ጠርዝ አበጀ። እህሉ ከጆንያ ወጥቶ ክዳን ባለው በርሜል ገባ። ሱቁ ሲዘጋ የፈሰሰ ጥሬ አንድም ሳይቀር ይጠረጋል። ደንበኞቿንም መምከር ያዘች፤ ለወር የሚበቃችሁን ብቻ ውሰዱ፣ ቤታችሁ የሚከርም ጆንያ ለአይጥ እንጂ ለእናንተ አይሆንም ትላቸዋለች። ባሏ ይህን ሲሰማ ሳቀ። በገዛ አፏ አትግዙ የምትል ነጋዴ ከየት ትገኛለች?

በመጀመሪያው ሳምንት ደካማው ጫጩት ሞተ። እትዬ ምርቃት ከግቢው ጥግ ቀበረችው፤ ስትቆፍርም አለቀሰች። ሦስቱ ግን ምግብ ምግብ እያሉ ማታ ማታ ይጮኻሉ፤ የዛገ ማጠፊያ ያለው በር የሚከፈት ይመስላል። ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ባልና ሚስቱ ተመስገን ይላሉ።

በሃያኛው ቀን አመሻሽ ላይ እትዬ ምርቃት ጓሮ ስትጠርግ አንዲት አይጥ በአጥሩ ሥር ገባች። አትሮጥም። ሁለት እርምጃ ትሄድና ታዘነብላለች። እትዬ ምርቃት ቀና ስትል እናቲቱ ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ ቆማ፣ አንገቷን አስግጋ፣ ቁልቁል ታያለች። ሴትዮዋ በዕድሜዋ እንዲያ ሮጣ አታውቅም። መጥረጊያውን ጥላ ከአጠገቧ የነበረውን የቆርቆሮ መስፈሪያ አይጧ ላይ ደፋችና ራሷም ከላዩ ተቀመጠች። የጉጉቷ ክንፍ ነፋስ ፀጉሯን ነካት። ወፏ ዞረች፣ ባዶ ጥፍሯን ተመለሰች።

አጥሩ የሚያዋስናት ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ነው። መስፈሪያውን ከሥሩ በካርቶን ዘግታ ይዛ ሄደች። መንገዱ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ቢሆንም የምትሰድበውን ስድብ ሁሉ ደርድራ ጨርሳለች። ጋጋሪው ሊጥ እየከፋፈለ ነበር። መስፈሪያውን ሲያይ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ገባው።

«ጥዬዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«ምን ላድርግ እትዬ?» አለ፣ ሊጡን እያየ። «አንዲት የአይጥ ኩስ ዱቄቴ ላይ ከተገኘች ተቆጣጣሪው ያሽግብኛል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ለወፍ ብዬ እነሱን ጦም ላሳድር?»

እትዬ ምርቃት ሦስት የሚለውን ስትሰማ የደረደረችው ስድብ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ከዚህኛው ጣራ ሥር ሦስት፣ ከዚያኛውም ሦስት። ሰውዬው የዋሸው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቸግሮት ነው። ለሌሎቹ ወጥመድ ስትሰጥ አንዲት ወጥመድ ለዳቦ ቤት ምን ታደርግለታለች ብላ አላሰበችም ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።

«እውነትህን ነው» አለችው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መርዙን የሸጥኩልህ እኔ፣ ሌላ ዘዴ ሳላሳይህ መልስ ያልኩህም እኔ። ባሌን ልላክልህና ቀዳዳህን ሁሉ ይድፈንልህ። ከዚያ ወዲያ አይጥ ካየህ እኔ ራሴ መጥቼ ዱቄትህን ስጠብቅ አድራለሁ።»

ጋጋሪው እጁን በሽርጡ ጠረገ። ከዱቄቱ ገንዳ ጀርባ ሁለት እሽግ አውጥቶ በመዳፏ ላይ አኖረላት። አንዱ ጭራሽ አልተከፈተም። ይቅርታ አላላትም፤ ትኩስ ዳቦ ግን በወረቀት ጠቅልሎ አስያዛት። እሷም ይቅርታውን በዳቦው ተቀበለች።

አናጢው ሦስት ቀን ዳቦ ቤት ውስጥ በጉልበቱ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ቀና ማለት አቅቶት ጋጋሪው በትከሻው ደግፎ ወደ ቤቱ አመጣው። ያን ምሽት ጀርባውን በቅባት ስታሸው፣ ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስኖር ጥሩ አናጢ እንዳገባሁ ሳልነግርህ ቀርቻለሁ አለችው። እሱም ፊቱን ትራሱ ላይ እንደ ደፋ፣ የምትነግሪኝ ወገቤ የሄደ ቀን ነው እንዴ አላት። ሁለቱም ሳቁ፤ እሱ ሲስቅ ያመው ስለነበር አቃሰተ።

ሳምንታቱ አለፉ። የዳቦ ቤቱ ዱቄት ንጹሕ ሆኖ ከረመ፤ እትዬ ምርቃትም ለጥበቃ አልተጠራችም። ሐኪሟ ቅዳሜ ቅዳሜ መሰላል ላይ እየወጣች ጫጩቶቹን ታያለች። እትዬ ምርቃት የድካሟን ልትከፍላት ስትል አልቀበልም ትላለች። በምርቃቱ ግን ማን ያሸንፋታል? ሐኪሟ ሁለት ኪሎ አጃ ገዝታ ሦስት ኪሎ ሳትይዝ የወጣችበት ቅዳሜ የለም።

አንድ አመሻሽ ሐኪሟ፣ ጋጋሪው፣ ባልና ሚስቱ በጓሮው ውስጥ በተገለበጡ በርሜሎች ላይ ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ አንዱ ወጣ፤ ከቆርቆሮው ወደ አጥሩ ተወርውሮ እየተንገዳገደ ቆመ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ብዙ አመነታ፤ ጋጋሪው ና እንጂ አንተ እያለ በሹክሹክታ ሲለምነው ቆየ። ሲበርር ጋጋሪው እንባውን በዱቄታም እጁ ጠረገ።

ይኼኔ አንዲት አይጥ ከአጥሩ ሥር ብቅ አለች። እናቲቱ ከላይ አየቻት። እትዬ ምርቃት እጇ ራሱ መጥረጊያውን ፈልጎ አነሳና ከተቀመጠችበት ዘልላ ተነሳች። ባሏ ክንዷን ያዘ።

«ተያት» አለ። «ይቺኛዋ ትሮጣለች።»

አይጧ እውነትም ጓሮውን እንደ ጥይት አቋርጣ ሮጠች። ጉጉቷ ወረደች። እትዬ ምርቃት መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ቁጭ አለች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ጋጋሪው ለማን ነው የምትዪው አላት።

መጀመሪያ ሐኪሟን፣ ቀጥላ ባሏን፣ ከዚያም እሱን አየችው፤ ወደ ጣራውም ቀና አለች። የቱን አስቀድማ የቱን እንደምታስከትል ግራ ገባት። ከዚያ እንደ ልማዷ ከሱቁ በርሜል አንድ እፍኝ አጃ ዘግና ተመለሰችና በየመዳፋቸው ላይ ተራ በተራ አኖረችላቸው።