የግራ ክንፍ የሌላት ዓሣ

አጎቴ ከመንገድ በተመለስኩ ቁጥር በኮልፌው ቤታችን በር ላይ አስቁመው «ግራሽን አሳዪኝ» ይሉኝ ነበር። ግራ እጄን አገላብጠው ካዩ በኋላ «የኛው ናት፤ ትግባ!» ብለው ይስቃሉ። ልማዱ ከሥራቸው የመጣ ነው፤ በኩሬ ያሳደጓቸውን ዓሦች ወደ ሐይቅ ሲለቁ፣ ኋላ እንዲለዩ የግራ የሆድ ክንፋቸውን ይቆርጡ ነበር።

አንድ ቀን በዓሣ ጥናት ትምህርቴ ተመክቼ «አጎቴ፣ ኩሬ ያሳደገው ዓሣ ከሐይቁ ወደ ወንዝ ወጥቶ እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ወደ ሐይቁ የሚመለስ አይመስለኝም፤ እዚያው ይሞታል» አልኳቸው።

«አንቺንስ ያሳደገሽ ኮልፌ አይደል? ስንት አገር ዞረሽ ተመለስሽ!» አሉኝ። ማስረጃውን ሳያዩ ግን አረፉ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከወንዙ ወደ ሐይቁ የሚወርዱትን ዓሦች ለማጥናት የዘረጋነው መረብ አንዲት ዓሣ ያዘ። እንቁላሏን ጥላ ሆዷ ጎድሏል፤ ግን ከእጄ ለማምለጥ በጉልበት ትታገላለች። አገላበጥኳት፤ የግራ ክንፍ የላትም።

«የእሳቸው ናት!» ብዬ ጮህኩ። ባልደረቦቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም ነበር። መዝግቤ ወደ ሐይቁ ለቀቅኳት።

ኮልፌ ስደርስ በሩ ላይ የሚያስቆመኝ አልነበረም። ራሴ ቆምኩ፤ ግራ እጄንም ዘረጋሁ።

«አጎቴ፣ ልክ ነበሩ። ተመልሳለች» አልኩና ገባሁ።