ተጠባባቂው አነጣጣሪ

ሙባረክ ኮምቦልቻ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት መድፈኛ ሆኖ አገልግሎ ተሰናብቷል። ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ በተጠባባቂነት ተጠራና ከኮምቦልቻ በላይ ካለ ኮረብታ፣ ከመደበኛ ወታደሮች ጋር አንድ መድፍ ላይ ተመደበ። በአለቆቹ ወረቀት ላይ መደበኛና ተጠባባቂ ድርና ማግ ነው። ኮረብታው ላይ ግን መደበኞቹ ተጠባባቂዎቹን ጥይት ያሸክሟቸዋል፤ ሽበታቸውን እያዩም "ጡረተኞቹ" ይሏቸዋል።

ሙባረክን ከሸክም አውጥቶ አነጣጣሪ ያደረገው የመድፉ እርጅና ነው። አፈሙዙን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መዘውር ጥርሱ ተበልቷል። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እያዞሩ ልኩ ላይ ማቆም ነው፤ ከላይ ወደ ታች የመለሱት እንደሆነ አፈሙዙ ዝቅ ይላል፣ ጥይቱም ሳይደርስ ይወድቃል። የዚህን አሮጌ መድፍ አመል አብጠርጥሮ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የመድፉ አዛዥ ሃምሳ አለቃ ምንተስኖት ስድስት ጥይት የሚተኮስበትን ቦታ ካርታ ላይ አሳየ። ደሴ ዙሪያ ያለ ሸንተረር ነው። ሙባረክ ክው አለ። ከሸንተረሩ ወዲህ፣ ግርጌው ላይ፣ እህቱ ጣይባ ከባሏ ከጀላል ጋር ጎመንና ካሮት የምታለማበት መንደር አለ።

"ሃምሳ አለቃ፣ እዚያ ሥር ሰው አለ። እህቴ አለች።"

"መንደሩን ለቀዋል ተብሏል፣ ጋሽ ሙባረክ።"

"አልለቀቁም። ትናንት አውርቻታለሁ፣ ወላሂ።"

ምንተስኖት ሬዲዮኑን አየ፤ እሱም ጨንቆታል። "ሸንተረሩ ላይ ያለው መትረየስ የእናንተኑ ተጠባባቂዎች እየፈጀ ነው። ትዕዛዝ ነው። ካልቻሉ ልጆቹ ያነጣጥሩ።"

ፊቱም ገደል፣ ኋላውም ገደል። እምቢ ቢል መዘውሩን አመሉን የማያውቅ ልጅ ይይዘዋል። እሱ ከያዘው ግን ጥይቱ ሸንተረሩ ላይ ይቀራል። "ያ ረቢ፣ እጄን አደራ" ብሎ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

አምስቱ ሸንተረሩ ላይ አረፉ፤ ጥይቱ የሚያርፍበትን በቅርብ ሆኖ የሚያየው ቃኚ በሬዲዮ አረጋገጠ። ወዲያው ግን መትረየሱ ቦታ ሊቀይር ነውና ፍጠኑ አለ። ምንተስኖት "ቶሎ፣ ቶሎ" እያለ አዋከበው። ሙባረክ በጥድፊያ መዘውሩን ከልኩ አሳለፈው፤ አሳልፎም ወደ ታች መለሰው። የሠራው ስህተት ገብቶት "ቆይ" ሊል አፉን ሲከፍት መድፉ ተተኮሰ። ስለ ስድስተኛው ጥይት ቃኚው ምንም አላለም።

በዚያው ሰሞን ስልክ ተቋረጠ። ሙባረክ ተፈናቃይ ባየ ቁጥር መንደሩን እየጠራ ይጠይቃል፤ የሚያውቅ የለም። ሁለት ወር እንዲህ ከረመ። ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ጣይባ ደወለችለት። ድምጿን ሲሰማ "አልሐምዱሊላህ" አለ።

"ጀላል ሞተብኝ፣ ወንድሜ" አለችው። "ሌላው ጥይት ሁሉ ከላይ ሸንተረሩ ላይ ቀረ። የመጨረሻው ጎመኑ መሀል አገኘው።"

"አብሽሪ" አላት።

"ያን የተኮሰ እጅ አላህ ያድርቀው። ጧት ማታ ዱዓዬ ይኼው ነው። አሚን በለኝ እንጂ።"

ሙባረክ ስልኩን በዚያው እጁ እንደያዘ፣ "አሚን" አላት።