«በእግዜር» ማለት ክልክል ነው

ባለቤቴ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚቀበል ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ የዕድር ዳኛ ይሁን የመብራት ቆጣሪ አንባቢ፣ በሩ ላይ ጥላ ካየ ብድግ ነው፤ «ኖር!» እንግዳውም እንደ ወጉ «በእግዜር! በእግዜር!» እያለ ትከሻውን ይዞ ያስቀምጠዋል። የማይነሳው ለእኔ ብቻ ነበር። «ለእኔስ?» ስለው «አንቺ እንግዳ ነሽ እንዴ?» ይለኛል። በዚህ ስንተራረብ ኖረናል።

ዕድሜውን ሙሉ ከአዳማ ጅቡቲ ተሳቢ ሲነዳ እግሩ ፍሪሲዮን ላይ፣ ሲጋራው ከንፈሩ ላይ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ትንሽ ሲራመድ ባቱን ይጨመድደው ጀመር፤ ቆይቶም አውራ ጣቱ ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጣ። አዲስ አበባ ወስጄው ሲታይ ወደ እግሩ ደም የሚወስደው ደም ስር ጠቦ ተገኘ። ሐኪሞቹ ከፈቱለት። ሲሸኙን የነገሩን አጭር ነበር፤ ሲጋራ የለም፣ መድኃኒት አይቋረጥም፣ በየቀኑ መራመድ ነው። አለዚያ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል።

እኔ የዳነ ባል ይዤ የተመለስኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቤት እንደገባን አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዜና አያዳምጥ፣ በወጤ አይቀልድ። መድኃኒቱንም እኔ ካላስታወስኩት አይነካውም። ጠያቂው ግን ጎረፈ። ሙዙንና ብርቱካኑን ይዞ የሚገባው ሁሉ፣ ባሌ ገና ከትራሱ ቀና ሲል «በእግዜር!» ይለዋል። ጎረቤታችን ሐጂ፣ የድሮ የመንገድ ጓደኛው፣ «በአላህ!» ይሉታል። ፊት ለፊታችን ያለችው ጴንጤ ደግሞ «በጌታ!» አዳማ ውስጥ ባለው ሃይማኖት ሁሉ እንዳይነሳ ተለመነ። እሱም ልመናቸውን ሰማና ቀና ማለቱንም ተወው። ይሄኔ ፈራሁ፤ የቀጠሮውን ቀን ሳልጠብቅ ይዤው ወደ ሐኪሞቹ ተመለስኩ።

ቁስሉ አልጠገገም። አንዲት ልጅ እግር ሐኪም እግሩን ካየች በኋላ ወንበሯን አስጠግታ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ ትጠይቀው ጀመር። ምን እንደሚያስደስተው ስትጠይቀው «ምንም» አላት፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ!

«አባባ፣ ይሄ ድብርት ነው» አለችው። «ይታከማል። ካልታከመ ግን አይራመዱም፣ መድኃኒቱንም ይተዉታል። ቁስሉም አይድንም፣ ደም ስሩም ተመልሶ ይጠባል።»

«ድብርት የሥራ ፈት በሽታ ነው» አለ ተቆጥቶ።

«ታዲያ አንተ ጡረተኛ አይደለህ?» አልኩት።

ሐኪሟ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ለድብርቱም መድኃኒት አዘዘችለት፣ ከሚያማክረው ባለሙያም ጋር አገናኘችው። ለእኔ ደግሞ «ብቻቸውን አይተዉአቸው፤ ግን አያስተኟቸው» አለችኝ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያን የ«በእግዜር» መዓት ሳስብ መጣሁ። እኛ ነን በደግነታችን ያስተኛነው።

በማግስቱ አዋጄን አወጣሁ። በዚህ ቤት «በእግዜር» ማለት ክልክል ነው፤ ሰውዬው እስኪነሳ ድረስ እንግዳ በሩ ላይ ይቆማል። ሰፈሩ ጉድ አለ። አንዷ «በሽተኛ ተነሥ ትላለች!» ብላ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች፤ ታኩርፍ። ነገሩ የገባቸው ሐጂ ብቻ ናቸው። አንድ ጠዋት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«ሐጂ፣ ይግቡ እንጂ» አላቸው ባለቤቴ።

«ስትነሳልኝ።»

ተፋጠጡ። ኋላ እየተነጫነጨ እግሩን ከአልጋው አወረደና ቆመ። «ኖር» ያላቸው በቁጣ ነው። ሐጂም «ከተነሳህ አይቀር» ብለው እጁን ይዘው ወደ ደጅ አወጡት።

መንገዱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ትእዛዙ ባቱን ሲያመው ቆም ማለት፣ ሲተወው ደግሞ መቀጠል ነው። እሱ ቆም ሲል ግን ባጃጁ ሁሉ አጠገቡ ይቆማል። «አባባ ይግቡ፣ በነፃ ነው!» ሐጂ ከዘራቸውን እያወዛወዙ በኦሮምኛ «ዴሚ! ዴሚ!» እያሉ ያባርሯቸዋል። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የባሌን ሳቅ የሰማሁት በአንዱ እንዲህ ባለ ቀን አጥራችን ሥር ቆሜ ነው።

ሁሉም ቀን እንደዚያ አልነበረም። ፊቱን ለግድግዳው የሚሰጥበት ቀን ሲመጣ ሐጂ አይጎተጉቱትም፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፣ በነጋታው እንደገና በሩ ላይ ይቆማሉ። መድኃኒቱም ቀስ እያለ ሠራ መሰለኝ። ቁስሉ ከዳር ከዳሩ መግጠም ጀመረ፤ ወጤም ጨው በዝቶበታል ተባለ።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ደጃችን ካለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ሐጂ ሻሸመኔ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ስለነበር ብቻውን ነበር የተራመደው። ሲያየኝ ከዘራውን ተመርኩዞ ብድግ አለ።

«ኖር!» አለኝ።

ለእኔ! «በእግ...» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዋጥኩት። ረዘም አድርጎ እንዲቆምልኝ ብዬ፣ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ቀስ እያልኩ ገባሁ።