ኮሪደር ላይ የወጣው ሳጥን

ሂልዳ ካውስራ ወደ ሆልምክሊፍ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የመጣችው ለአንድ መንፈቅ ብቻ ነበር። የመኝታ ቤቱ ኃላፊ፣ ልጆቹ ሜትሮን የሚሏት፣ ታማ ምትክ ጠፍቶ ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ቦምብ ጣይ በተሰማ ቁጥር ልጃገረዶቹን ወደ ምድር ቤት የሚያወርድ ሰው ተፈለገ። ጦርነቱ ሲያልቅ ኩፍኝ ገባ። ኩፍኙ ሲወጣ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ፀጉሯ ሸበተ፤ ሳጥኗ ግን አልተራገፈም።

ሳጥኑ ከአልጋዋ ግርጌ ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ አባቷ በነጭ ቀለም ስሟንና የቤታቸውን አድራሻ፣ ዊትቢ የምትባለውን የወደብ ከተማ፣ ጽፎበታል። ጠዋት የምትለብሰውን ከዚያ ታወጣለች፤ የታጠበውን እዚያው ትመልሳለች። ቁም ሣጥኑ ባዶውን ይኖራል።

ልጆቹ ይህን ያውቃሉ።

«ሬሳ አለበት» ትላለች አንዷ።

«የእጮኛዋ ነው» ትላለች ሌላዋ። «ጥፍሩን ሳይቆርጥ መጣባት።»

ሂልዳ ብትሰማም አልሰማችም። ደረጃ ወጥታ ትወርዳለች፣ የተዘጋ መስኮት ትከፍታለች፣ የተከፈተ ትዘጋለች፣ ከምግብ በፊት የልጆቹን እጅና ጥፍር ታያለች። ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት ሁለት የቄስ ልጆች፣ እህትማማቾች ነበሩ፤ የከሰረ ባለ ፋብሪካ ጥሎት በሄደ የድንጋይ ቤት ነው የጀመሩት። ሥዕላቸው ደረጃው ላይ ተሰቅሏል፤ አንደኛዋ ተቀምጣለች፣ ሁለተኛዋ ቆማለች። ሂልዳ ባለፈች ቁጥር ዓይኗ የሚሄደው ወደቆመችው ነው።

በዚያ ዓመት፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ርእሰ መምህርቷ ሚስ ኦልደስ አስጠራቻት።

«ሚስ ካውስራ፣ አዲሱን መኝታ ቤት እርስዎ እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። ጡረታ እስኪወጡ ሁለት ክፍል የራስዎ ይሆናል። ግን ‹ለአንድ መንፈቅ› የሚለውን ከእንግዲህ አልሰማም። ልጆቹ ከበዓል ሲመለሱ ቁርጡን ይንገሩኝ።»

ታላቅ እህቷ ኦሊቭ ደግሞ ለገና በዓል ከዊትቢ ደውላላት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ጉልበቷም ደረጃ እምቢ ብሏታል። «የሹራብ ክር ሱቄ ለሁለት ይበቃል» አለቻት። «ነይ፣ ወይም አልመጣም በዪኝና ልረፍ።»

ሂልዳ ሁለቱንም አላሳረፈቻቸውም። እግሯ ወዲህ፣ ልቧ ወዲያ ሆነ።

የሳጥን ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን የልጆቹ ሳጥኖች ከጣሪያው ሥር ካለው ዕቃ ቤት ይወርዳሉ፣ ልጆቹ ክዳኑ ላይ ተቀምጠው ይዘጉታል፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ይደረደራል። የትምህርት ቤቱ ጉልበት ሠራተኛ ጄቤዝ ባቡር ጣቢያ ያደርሰዋል፤ ከባለቤቱም ቀድሞ አገሩ ይገባል። ሂልዳ የዚያን ዕለት የክፍሏን ወለል ሰም ልታስቀባ ፈልጋ፣ የራሷን ሳጥን እየጎተተች ወደ ኮሪደር አወጣችው። ከዚያ አንዲት ልጅ አፍንጫዋ ደማና ወደዚያ ሮጠች።

ስትመለስ ኮሪደሩ ባዶ ነው።

«ጄቤዝ፣ ሳጥኔስ?»

«ሄደ።»

«ወዴት?»

«ዊትቢ ነዋ። ክዳኑ ላይ ተጽፏል።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን መጠየቅ አትችልም ነበር?»

«ኮሪደር የወጣ ይጫናል፣ ጥያቄ የለም ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ሜትሮን።» ቆቡን አውልቆ እንደገና አደረገው። «እኔማ በመጨረሻ ሊሄዱ ነው ብዬ ከፍቶኝ ነበር።»

የዚያን ማታ ከጠፉ ዕቃዎች ቅርጫት የአንዲት ረጅም ልጅ የሌሊት ልብስ አውጥታ ለብሳ ተኛች። ልጆቹ እንደሄዱ ባቡር እየቀያየረች ዊትቢ ገባች። በመንገድ ሁሉ የምትለውን ስታጠና ነበር፦ ስህተት ነው፣ ሳጥኔን ልወስድ ነው የመጣሁት።

ኦሊቭ በሩን ከፈተች። «ሳጥንሽ ቀደመሽ» አለች።

ፎቅ ላይ፣ ወደብ በሚያየው ክፍል ውስጥ የክር ጥቅሎቹ ሁሉ ተነሥተዋል። በዚያ ጉልበቷ እየወጣችና እየወረደች ያነሣቻቸው ኦሊቭ ናት። የሂልዳ ልብስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ በተርታ ተሰቅሏል። ሂልዳ ያጠናችውን ትታ ኮቷን አወለቀች።

እዚያ በሰነበተችበት ጊዜ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ባይኖርም፣ ሂልዳ ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች። የእህቷን አልጋ አንሶላውን ገፍፋ እንደ አዲስ ታነጥፋለች። ሱቁ ውስጥ ክር ልትገዛ የመጣችን ልጅ «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» ብላ፣ እናትየዋንም አብራ አቆመቻት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ኦሊቭ የተጨሰውን ዓሣ ልትቆርስ ስትል፣ «እጅሽን አሳዪኝ» አለቻት።

ኦሊቭ እጇን ዘረጋች፤ አገላብጣም አሳየቻት። «አለፍኩ?»

ሂልዳ ፊቷ ቀላ።

«ሳጥኑ በስህተት ነው የመጣው፣ አይደል?» አለች ኦሊቭ።

«ማን ነገረሽ?»

«የጥርስ ብሩሽሽና የሌሊት ልብስሽ ነበሩበት። አስባ የምትመጣ ሴት እነሱን አስቀድማ ትልካለች?»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ሰቀልሽው?»

«አንድ ጊዜ እንኳ ተሰቅሎ እንዲታይ። ለእኔም፣ ለአንቺም።» ዓሣውን ቆርሳ ሰጠቻት። «እኔን የገደለኝ አለመምጣትሽ አይደለም፣ ሂልዳ። መጣች አልመጣች እያልኩ መኖሬ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሂልዳ የወደቡን ግንብ ጫፍ ድረስ ሄዳ ተመለሰች፤ ደግማ ሄደች። ዓሣ አጥማጆቹ አንድ ነገር የጠፋባት መስሏቸው ውሃውን ያዩላት ጀመር። ስትመለስ ኦሊቭ ሻይ አፍልታ ጠበቀቻት።

«አልመጣም» አለች ሂልዳ ሳትቀመጥ። «ለመኖር አልመጣም። ግን በዓል በሆነ ቁጥር በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ። ከልብሱ ግማሹ እዚሁ ይሰቀል።»

ኦሊቭ ለረጅም ጊዜ ሻይዋን አማሰለች። ስኳር አልጨመረችበትም ነበር። «ሳጥኑስ?»

«ክር ክተቺበት።»

«የአባባን ጽሕፈት አላጠፋውም» አለች ኦሊቭ። በማግስቱም አንዲት ረዳት ልጅ እንደምትቀጥር ለጎረቤት ነገረች።

ሂልዳ በትንሽ ሻንጣ ሆልምክሊፍ ተመለሰች። ለሚስ ኦልደስ «አዎን» አለቻት፤ በዓል በሆነ ቁጥር ዊትቢ እንደምትሄድም ነገረቻት። አዲሱ ክፍሏ ገብታ ልብሷን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለች፤ በሩን ዘጋች፣ ደግሞ ከፍታ አየች፣ ዘጋች። እግሯ ግን ነገሩ ገና አልገባውም። በጋ እስኪመጣ ድረስ፣ ከአልጋዋ በተነሣች ቁጥር፣ ምንም የሌለበትን የአልጋዋን ግርጌ ዞራ ነበር የምታልፈው።