ጨው ያልቀመስንበት ወር

ባለፈው ሳምንት ሲቀላ ሰፈር አንድ ሆቴል ቁጭ ብዬ ምሳ ስጠብቅ፣ አስተናጋጁ በፌስታል የመጡ አዳዲስ ዓሣዎችን የመስታወት ገንዳ ውስጥ ዘርገፍ ሲያደርጋቸው አየሁ። “ኧረ ቆይ! ለብቻ አቆይተሃቸዋል?” አልኩት። “ለምን ጋሼ? ይጣላሉ እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ተውኩት። ምሳው ግን አልወረደልኝም፤ የተናደድኩት በእሱ አልነበረማ።

በደርግ ጊዜ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ እዚያው ከተማ፣ ሸቻ ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። የመስኮት መስታወት በስቱኮ አጣብቀን የሠራነው ገንዳ ነበረን፤ ውስጡ ስምንት ቆሮሶ ዓሣ። ከጫሞ ሐይቅ በባልዲ ያመጣኋቸው እኔ፣ ዓመት ሙሉ ውሃ የቀየርኩላቸውም እኔ። ስገባ ያውቁኛል፤ ወደ መስታወቱ ይመጣሉ። የፈለገ ይሳቅብኝ፣ እወዳቸው ነበር።

ሚያዝያ ላይ ርእሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ ቁጡ ግን ክፉ ያልሆኑ ሰው ነበሩ። “ከበላይ ጓዶች ሊጎበኙን ነው። ገንዳው ባዶ ባዶ ይመስላል፤ ሙላው” አሉኝ። በዝናብ የላቆጠውን መንገድ እየተንሸራተትኩ ጫሞ ወረድኩና ከአስጋሪዎቹ አሥር ቆሮሶ ይዤ ተመለስኩ። በርሜል ውስጥ ጨምሬ ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ክንፋቸው ሥር ምስር የሚያካክሉ ጠፍጣፋ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። የዓሣ ቅማል!

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ። አዲሶቹን ለብቻ ማቆየት፣ ቅማሉን በወረንጦ መልቀም፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጠንከር ባለ የጨው ውሃ ለጥቂት ደቂቃ መንከር፣ በርሜሉን እየፈተጉ ማጠብ። ቅማሉ ቢሞትም እንቁላሉ በርሜሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ተፈልፍሎ እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት መታገሥ ነው። መረቡንም ባልዲውንም ለየሁ። የቀረኝ ጨው ብቻ ነበር።

ጨው ደግሞ በራሽን ነው፣ ከቀበሌ ሱቅ። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። የሱቁ ሠራተኛ ሁለቴ አነበበውና “የቤተሰብ ብዛት አልተጻፈም” አለኝ።

“ለዓሣ ነው እኮ!”

“ዓሣዎቹ በቀበሌው ተመዝግበዋል?”

ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ከዚያ ማኅተም ጎደለ ተባለ። አስመትቼ ስመለስ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ገብተዋል ተባለ። አራት ቀን ተመላለስኩ። ወይ ፍንክች!

ቤት ገብቼ ብቻዬን ስነጫነጭ አከራዬ እማማ ማሬ ሰሙኝ። ከጨንቻ የወረዱ የጋሞ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ነገሩን ነገርኳቸው። ጓዳ ገቡና የወር ራሽናቸውን በጨርቅ እንደተቋጠረ አመጡልኝ።

“ኧረ እማማ፣ እርስዎስ?”

“እኔ አሮጊት ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል? እነሱ ታመዋል አላልክም? በል ውሰድ።”

ወሩን ሙሉ የበቆሎ ኩርኩፋውም የሽፈራው ቅጠል ሀለኮውም ያለ ጨው ተበላ። እኔ እየታገልኩ ስውጥ እሳቸው ጸልየው፣ “ጌታ ይመስገን” ብለው ይጎርሳሉ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ “ልጆችህ ተሻላቸው?” ብለው ነው።

ተሽሏቸው ነበር። ቁስላቸው መጠገግ ጀምሮ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ርእሰ መምህሩ መጡ።

“እንግዶቹ ነገ ናቸው። አስገባቸው።”

“ገና አሥር ቀን ይቀራቸዋል ጓድ። አዲስ የተፈለፈለው ቅማል ለዓይን አይታይም።”

“የማይታይ ከሆነ አንተ በምን አየኸው? ደግሞ ከጫሞ ነው የመጡት፣ ከባሕር ማዶ ነው?” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ስማ፣ ነገ ያ ገንዳ ባዶ ባዶ መስሎ ቢገኝ አሻጥር ነው የሚባለው። ለእኔም ለአንተም አይበጅም።”

በዚያ ዘመን ይህች ቃል ስንቱን በላች! ማንም አላገዘኝም፤ በገዛ እጄ አንድ በአንድ እያወጣሁ ከስምንቶቹ ጋር ቀላቀልኳቸው።

ጓዶቹ በማግስቱ መጡ። ሰልፍ አዩ፣ ንግግር አደረጉ፣ ምሳ በሉ፣ ሄዱ። ላቦራቶሪው ደጃፍ እንኳ አልደረሱም። ጉድ እኮ ነው!

በሳምንቱ ስምንቶቹ ሰውነታቸውን ከድንጋይ ጋር ማሸት ጀመሩ። ከዚያ መብላት ተዉ። ጨዉ አልቋል፣ ራሽን የሚታደልበት ቀን ገና ነው። በወረንጦ የቻልኩትን ያህል ለቀምኩ፤ አልሆነም። ነባሮቹም አዲሶቹም አለቁ። ርእሰ መምህሩ ባዶውን ገንዳ አይተው “አንተ ባለሙያ አይደለህ? ለምን ጠንከር አድርገህ አልነገርከኝም?” አይሉኝ መሰላችሁ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ለእማማ ማሬ ግን አልነገርኳቸውም። በጠየቁኝ ቁጥር “ደህና ናቸው” እላለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መስታወቱን ስወለውል፣ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ራሽን ወጥቶ ኖሮ ግማሹን ቋጥረው ይዘዋል። ገንዳውን ዙሪያውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

“ጨዉ አነሰ እንዴ ልጄ?”

“አይ እማማ፣ እኔ ነኝ በፍርሃቴ የገደልኳቸው” ማለት ነበረብኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

“ውይ! ከጎረቤት ለምኜ ልጨምርልህ ይገባኝ ነበር” አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ቋጠሯቸውን እንደያዙ ወጡ።

ይኸው ሸምግዬም ያ ነገር ምሳዬን ያበላሽብኛል። የቀበሌውን ሰውዬ ይቅር ብያለሁ፤ ርእሰ መምህሩም ፈርተው ነው። ዓሣዎቹን በእጄ መጨመሬንም ዘመኑ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። እኚያ ሴት ጥፋቴን የራሳቸው አድርገው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ዝም ብዬ ማየቴን ግን ማንም አላዘዘኝም።