የጎደለችው አንድ፦ ከጋርደን ሲቲ አውሮራ ደርሶ መልስ

ዓርብ

ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የስጋ ፋብሪካውን ፈረቃ ጨርሼ፣ ልብሴን እንኳ በወጉ ሳልቀይር፣ ልጄን ናቲን ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ አወጣሁትና ከጋርደን ሲቲ ተነሳን። ካንሳስን ወደ ኋላ ትተን ኮሎራዶ፣ አውሮራ ልንገባ ነው። ከአገር ቤት የመጣ አንድ የእግር ኳስ መራጭ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ የሐበሻ ልጆችን አሰልፎ ሊያይ ነው ተብለናል። ዓይኑ የገባው ልጅ ለወጣቶች የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የኢትዮጵያን ማሊያ ይለብሳል። ናቲ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚህ ሌላ ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ጫማ ግዛልኝ ሲል እንኳ የኳስ ጫማ ማለቱ ነው።

ወሬውን የነገረችን የሚስቴ እህት ዘነቡ ናት። አውሮራ ትኖራለች፤ ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ትገፋለች። ማስታወቂያውን በስልክ ስታነብልኝ በእኛው አቆጣጠር ነበር፤ «ከታኅሣሥ 23 ቀን 1982 ወዲህ የተወለደ» ይላል። ናቲ የተወለደው የካቲት 3 ቀን 1982 ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አርባ ቀን። «በአርባ ቀን ገባልን!» ብዬ ስጮህ ሚስቴ ወይንሸት ከጓዳ ደንግጣ ወጣች።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ለጉራ አይደለም፣ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። አገር ቤት የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ኬንያ ካምፕ ሳለንም የአሜሪካ ፎርም ሲመጣ ሰው የሚሰለፈው እኔ ድንኳን በር ላይ ነበር። «ጋሽ ታደሰ ካልሞላው አይሳካም» ይባል ነበር። የስንቱን ሰው የልደት ቀን ከእኛ ወደ ፈረንጅ ገለበጥኩ! አንድም ሰው ተሳሳትክ ብሎኝ አያውቅም።

መንገዱ ሀይዌይ ሃምሳ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ፣ ዛፍ የማይታይበት። ለፋብሪካችን የሚደልቡት ከብቶች በግራና በቀኝ በየበረቱ ታጉረዋል፤ መስኮት ብትዘጉም ሽታው ይገባል። ሲራኩስ የምትባለው ትንሽ ከተማ ሳንደርስ የሰዓት ክልሉ ይለወጥና አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ናቲ የመኪናውን ሰዓት እያስተካከለ «ዳድ፣ ነፃ አንድ ሰዓት አገኘን!» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ቀኑ ከኛ ጋር ነው አልኩ በሆዴ።

ላማር ላይ ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ነፋስ ብቻ ነው፤ አሮጌዋን መኪናዬን ወደ ዳር ይገፋታል፣ እኔ ወደ መሐል እመልሳታለሁ። ሊሞን ስንደርስ በሃያ ስምንት ዶላር ጋዝ ሞላሁና ሁለት የቱርክ ዶሮ ሳንዱች ገዛሁ። ዳቦው ደረቅ ነበር። ናቲ የእሱን ግማሽ ድረስ በልቶ ተወውና በመስኮት እያየ ጠየቀኝ።

«ዳድ፣ የኔ ዓመት ስንት ነው?»

«ሰማንያ ሁለት ነዋ!»

«ኖ፣ የአሜሪካኑን። ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን።»

«ዘጠና ነው። ደግሞ ፎርም የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አልኩና ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። ፈርቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ያቺን የሊሞን ነዳጅ ማደያ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ተራሮቹ ከዴንቨር ጀርባ ብቅ አሉ፤ እኛም አውሮራ ገባን። ዘነቡ ከሃቫና ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ነው የምትኖረው። የሥራ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ በር ላይ ናቲን እቅፍ አድርጋ «አንተ! ጣሪያ ልትነካ ነው እንዴ?» አለችው። ጥብስ ሠርታ፣ ፍራሽ አንጥፋ፣ ካልሲውን ሳይቀር በካውያ ተኮሰችለት። «ካልሲ ይተኮሳል እንዴ?» ብላት «ለአገር የሚጫወት ልጅ ካልሲ ይተኮሳል!» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ቅዳሜ

ሜዳው ከአንድ ሰፊ ፓርክ ጥግ ነው፤ ሳሩ ላይ አመዳይ ወርዶበት ነበር። ልጆቹ ሠላሳ ይሞላሉ። አባቶች ታክሲያቸውን ፓርክ አድርገው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው መስመር ዳር ቆመዋል። አብዛኞቹ ልጆች የሚጯጯሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ አባቶቹ ደግሞ በአማርኛ «አቀብለው! ኧረ አቀብለው!» ይላሉ።

መራጩ አቶ ታዬ ይባላል። ቀጭን ሰው ነው፤ ብርዱን ሳያውቅ መጥቶ የተዋሰው ካፖርት እጁን ውጦታል። ብዙ አይናገርም። ፊሽካውን ይነፋል፣ ያያል፣ በደብተሩ ይጽፋል።

ናቲ በግራ ክንፍ ተሰለፈ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያህል ኳስ አልደረሰውም፤ እኔ እዚያው ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ አንድ ረጅም ኳስ መጣለት። በደረቱ አወረዳት፣ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛው ሲመጣ ቆም አለ፤ ልጁ ሲንሸራተት ናቲ በተረጋጋ እግር መሐል አሻግሮ ሰጠ፣ ጎል ሆነ። ሁለተኛውን ጎል እሱ ራሱ አገባ። አጠገቤ የቆመ አንድ ባለታክሲ «የማን ልጅ ነው ይሄ?» ሲል ሰማሁ። «የኔ ነው» ልል ዞር ስል እንባዬ ቀደመኝ። ከስደት ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሲያልቅ አቶ ታዬ ወደኔ መጣና ጨበጠኝ። «ግራ እግር አጥተን ነበር፤ አገኘን። ማጣሪያው ቅርብ ነው፤ ዝርዝሩን በአሥር ቀን ውስጥ እንልካለን» አለ። ከደብተሩ መሐል ፎርም አውጥቶ ሰጠኝ፤ ሁለት ቅጂ ተጣብቆ ነበር። እኔም የመኪናዬ ኮፈን ላይ አስደግፌ በዚያ በሚመሰገን ጽሑፌ አንዱን ሞላሁ። የልደት ዘመን፣ 1990። ፎርሙን ከናቲ ግሪን ካርድ ጋር አድርጌ ሰጠሁት።

ካርዱን አየ። ፎርሙን አየ። እንደገና ካርዱን አየ።

«አቶ ታደሰ፣ እዚህ ላይ የሚለው ሰማንያ ዘጠኝ ነው።»

«ዘጠና ነው፤ እስቲ በደንብ ይዩት።»

ካርዱን ወደ ዓይኔ አስጠጋልኝ። ክው አልኩ። ፌብሩዋሪ 10፣ 1989።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከእኛ ወደ ፈረንጅ ስትገለብጡ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ ሰባት ትደምራላችሁ። ፈረንጅ ዓመት ከቀየረ በኋላ ለተወለደ ግን ስምንት ነው። የካቲት ስምንት ነው። እኔ ግን ካምፕ ውስጥ የልጄን ፎርም ስሞላ ሰባት ደመርኩ። ቀኑንና ወሩን አሳምሬ ገልብጬ ዓመቱን ሳትኩ፤ ያውም የገዛ ልጄን! ካርዱን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ ፎቶውን እንጂ ቁጥሩን አላየም። የራሱን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ያሰበውን እንጂ የጻፈውን አያይም።

«ስህተት ነው! እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!» አልኩ።

አቶ ታዬ አንገቱን ነቀነቀ። «አምንዎታለሁ። ስንት አባት የልጁን ዕድሜ ቀንሶ ያመጣብኛል። ጨምሮ የመጣ ግን እርስዎን አየሁ።»

ሊሰድበኝ አልነበረም፤ እውነቱን ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ናቲ የተተኮሰ ካልሲውን ወደ ታች ሰብስቦ፣ ሳሩ ላይ ተቀምጦ ወደ እኛ አያይም ነበር።

«ሌላ ማስረጃ ካለ እስከ ነገ ያምጡ። ተስፋ ግን አልሰጥዎትም» አለኝ አቶ ታዬ።

ማስረጃ ሲባል ትዝ ያሉኝ ጋሽ ገዙ ናቸው፤ የናቲ የክርስትና አባት። ካምፕም አብረውን ነበሩ፤ ወረቀት ጥለው አያውቁም። አሁን እንግልውድ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዘነቡ ከሥራ ቀርታ መንገዱን እያሳየችን በሃምፕደን ጎዳና ሄድን። እሷም ቀልዷን ትታለች።

ጋሽ ገዙ ምርኩዛቸውን ይዘው እስኪነሱ ያለውን ጊዜ መታገሥ አቃተኝ። ከአልጋቸው ሥር የብስኩት ጣሳ አስወጡኝ። ውስጡ የካምፕ መታወቂያ፣ የራሽን ካርድ፣ የሞቱ ሰዎች ፎቶ። ከሥር አንዲት አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ወጣች፤ ክርስትና የተነሳበት ቀን፣ መጋቢት 12 ቀን 1982።

«በአርባ ቀኑ በእነዚህ እጆቼ ነው ያነሳሁት» አሉ ጋሽ ገዙ። «እንዴት እንዳለቀሰ! እኔ እመሰክራለሁ። የት ነው የምመሰክረው? ካፖርቴን ስጡኝ።»

«ነገ ጠዋት ነው ጋሼ፤ እርስዎ አይልፉ።»

«አልለፋም፤ ልጄ ነው» ብለው ተቆጡኝ። አንጀቴን በሉት። ያቺን ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ አውሮራ እስክንገባ በእጄ እየዳበስኳት ነዳሁ።

እሑድ

አቶ ታዬ ያረፈው ሊትልተን አንድ ሰው ቤት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ናቲን መኪና ውስጥ ትቼው፣ ጋሽ ገዙን ደግፌ በሩን አንኳኳሁ። አቶ ታዬ ቁርሱን አቋርጦ ተነሳ፤ ለጋሽ ገዙ ወንበር ሳበላቸው። ወረቀቷን ዘርግቶ ሁለት ጊዜ አነበባት። እሳቸው መሰከሩ፤ ስለ ልጁ ልቅሶ ሳይቀር ነገሩት። በአክብሮት ሰማቸው።

ከዚያ ወረቀቷን በእጥፋቷ መልሶ አጠፋትና ሰጠኝ።

«እኔ ልጁ የካቲት ሰማንያ ሁለት እንደተወለደ ምንም አልጠራጠርም። ግን ማጣሪያ ላይ ተጋጣሚያችን የሚያየው የጉዞ ሰነዱን ነው። ፓስፖርት የሚወጣለት በካርዱ ላይ ባለው ዓመት ነው። ከዕድሜ በላይ አሰለፉ ብለው ቢከሱን ውጤቱ ይሰረዛል፤ ሃያ ልጅ በእሱ ምክንያት ይወድቃል። ካርዱን ደግሞ በአሥር ቀን የሚያስተካክል የለም።»

«በስንት ቀን ይስተካከላል?»

«ቀን አይደለም አቶ ታደሰ። ወራት ነው፤ ያውም ከተስተካከለ። ማጣሪያው አይጠብቀንም።» ቀጥሎም «ልጁ ልክ ነው፤ ያረጀው ወረቀቱ ነው» አለ።

ለመንኩት። ሽማግሌ ፊት፣ በሰው ቤት ሳሎን፣ ጉልበቱን ልይዝ ስጎነበስ ክንዴን ይዞ አቆመኝ። የእሱም ዓይን ቀልቶ ነበር። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ የምጣላው ሰው አጣሁ።

ጋሽ ገዙን እንግልውድ አድርሰን፣ ዘነቡን ተሰናብተን መንገድ ጀመርን። ተራሮቹ በመስታወት እያነሱ ሄዱ። ሊሞን ስንደርስ እዚያችው ማደያ ገባሁ። ሞተር ሳጠፋ ነው ናቲ የተናገረው።

«ዳድ፣ አውቅ ነበር። ካርዱ ኤይቲ ናይን እንደሚል። ስንመጣ የጠየቅኩህ ለዛ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ ዘጠና አልከኝ። ፊክስ ያደረግከው፣ ያስተካከልከው መሰለኝ። ሁልጊዜ ፊክስ ታደርጋለህ።»

መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ቆይቶ «ሶ፣ እኔ አስራ ስድስት ነኝ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «ዊርድ፣ ይገርማል» አለና ጃኬቱን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያየሁ እንዳላየ መንዳት ያዝኩ፤ ምን ላድርግ?

ሲራኩስን እንዳለፍን የዓርብ ዕለቷ አንድ ሰዓት ተመልሳ ተወሰደችብን። ናቲ የመኪናውን ሰዓት አልነካውም። እኔም አልነካሁትም። እንደተሳሳተ ቤት ድረስ ሄደ።

ጋርደን ሲቲ ስንገባ ሊመሽ ነበር። ወይንሸት ነጠላዋን ደርባ በር ላይ ቆማለች። ናቲ «ሃይ ማም» ብሎ በአጠገቧ አልፎ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጎሎቹን፣ ካርዱን፣ ጣሳውን፣ ሊትልተንን። ሰባት ደመርኩ፣ ስምንት ነበር አልኳት።

ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀስ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያኔ ነግሬህ ነበር እኮ» አለች። «ካምፕ፣ ፎርሙን ስትሞላ። አገር ቤት እያለን የክትባት ካርዱ ላይ ነርሷ በፈረንጅ ዘጠና ብላ ጽፋ ነበር፤ ካርዱ መንገድ ላይ ቢጠፋም እኔ አልረሳሁትም። ዘጠና ነው መሰለኝ አልኩህ። ምን ብለህ እንደመለስክልኝ ታስታውሳለህ?»

አስታወስኩ። ቀና እንኳ ሳልል ነበር የመለስኩላት፤ «ፎርም የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

የዚህ ጉዞ ትምህርት ምንድን ነው ብትሉኝ ይኸው ነው፤ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ በካምፕ፣ አንዱ በሊሞን፣ እውነቱን በእጄ ሊያስይዙኝ መጥተው ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቃል መለስኳቸው። ማወቄ አሁን ለናቲ ምን ይረባዋል? ምንም።

ጃኬቴን ሳወልቅ ከኪሴ የአቶ ታዬ ሁለተኛው ፎርም ወጣ፤ ባዶው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ወይንሸትን «የልደት ቀን?» ብዬ ጠየቅኳት። ነገረችኝ፤ እሷ እያለችኝ እኔ ጻፍኩ፤ ፌብሩዋሪ 10፣ 1990። ስህተት የለበትም። አሁን የምሰጠው ሰው የለም እንጂ።