ጥገኛው ለምን ራሱን አይቆርጥም?

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የባኮ መብራት ጠፋ። አሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ እያስተማርኩ ነበር፤ ማስተማር ከተባለ። የሚያስተምረው በብረት ሳጥን የተቆለፈው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ሲያፈጥን እኔ ጥግ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲጨርስ ለእኔ ጥቂት ደቂቃ ትተርፋለች፤ እሷንም ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ስጽፍ እጨርሳታለሁ። እንደኔ ላለች ዓይን አፋር የተመቸ ነበር።

ያን ቀን ግን ርዕሰ መምህሩና ከወረዳ የመጡ ሱፐርቫይዘር የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። የሙከራ ጊዜዬ እያለቀ ነበር። ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ፤ ከወደቅኩ አምቦ እህቴ ቤት እመለሳለሁ። ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ድረስ እዚያ ልጆቿን እያጠብኩ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እየገባሁ ኖሬያለሁ። እህቴ ክፉ አይደለችም። ግን ዳግመኛ ከገባሁ ከዚያ ጓዳ የምወጣ አልመሰለኝም።

ስክሪኑ ሲጨልም ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀጥይ እንጂ፣ ቲቸር» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

በሩ አጠገቤ ነበር፤ ክፍለ ጊዜው ግን ገና ግማሹ አላለፈም።

ትምህርቱ ስለ ወባ ነበር። ፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የወባው ጥገኛ የደማችንን ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው ተባለ አይደል? እሱ ራሱም ከፕሮቲን ነው የተሠራው። ታዲያ ለምን ራሱን አይቆርጥም?»

የመመረቂያ ጽሑፌ ይኸው ነበር! ኢንዛይሙ ሲፈጠር ስለቱ ተሸፍኖ ነው፤ ከራሱ ጋር የተያያዘ ቁራጭ የሚቆርጥበትን ቦታ ይደፍነዋል። እንደዚያ ሆኖ፣ ምንም ሳይነካ፣ በጥገኛው አካል ውስጥ አልፎ ደማችን ወደሚፈጭበት ከረጢት ይደርሳል። ከረጢቱ ውስጥ አሲድ አለ። አሲዱ ሲያገኘው መሸፈኛው ይላላል፣ ተቆርጦም ይወድቃል። መቁረጥ የሚጀምረው ያኔ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አፌን ስከፍት ግን «እእ...» ብቻ ወጣ።

«ፕላዝማው ሲጠፋ ቲቸርም ትጠፋለች!» አለ አንዱ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሱፐርቫይዘሩ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ጠመኔ አንስቼ፣ ጀርባዬን እንደሰጠሁ፣ እስኪደወል ሰሌዳው ላይ ስጭር ቆየሁ።

ርዕሰ መምህሩ ደጅ ጠበቁኝ። «ሱፐርቫይዘሩ ነገ ጠዋት አንድ ክፍለ ጊዜ ደግመው ያዩሻል። አይዞሽ፣ ቲቸር፤ መብራቱ እንዳይጠፋ እንጸልይልሻለን!» ብለው ሳቁ።

ቤቴ ገብቼ እኔም የምሬን ይህንኑ ጸለይኩ። መሀል ላይ ግን መብራት ቢኖር ሰውየው ምን እንደሚያዩ ታሰበኝ፤ ጥግ የቆመች ሴት።

ጠዋት መብራት ነበር። ሁለቱም መጥተው ኋላ ተቀመጡ። ፕላዝማውን ከፈትኩት፤ መምህሩ ብቅ ብሎ ሰላምታ ሲጀምር ድምፁን ጨርሼ ዘጋሁት። ርዕሰ መምህሩ ቀና አሉ። ወደ ልጆቹ ዞሬ፣ ትናንት የጠየቀችኝን ልጅ ብቻ እያየሁ፣ «ኢንዛይሙ ሲፈጠር ስለቱ ተሸፍኖ ነው» አልኩ።

«አይሰማም፣ ቲቸር!» አሉ ከኋላ።

ጮክ ብዬ ደገምኩት።